የጀልባዋ የኋላ ቁራጭ

ኩፓንግ፣ በወርሃ ረጀብ 1391

ለተከበርከው ታላቅ ወንድሜ ለዳኤንግ ጁማኒንግ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። አላህ ጤናህን ያብዛልህ፤ ጀልባ ስትጠርብ እጅህን ከመጥረቢያ፣ ዐይንህን ከስንጥር ይጠብቅልህ። የእማን ጉልበት ሳምልኝ። ለወንድማችን ለዳኤንግ ቦሃሪም ሰላም በልልኝ፤ አልቀበልም ቢልም በልልኝ። ቁርኣን ያስቀሩኝን ኢማም ሐጂ ላንታራን ደግሞ ለብቻ ሰላም በልልኝና የግቢያቸውን በር እንዳይዘጉት ንገርልኝ።

የእጅ ጽሕፈቴን አይተህ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ካልጨመርከው እኔ እህትህ ሀዳራ እስካሁን አልሞትኩም። ባሌ ሳንግካላም አልሞተም። በአባ ጀልባ አብረን ከጠፋን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ቀይ አበባ አንተ የጠረብካት ጀልባ ናትና እሷም አልሞተችም፤ ግን ሆዷን ትል በልቶታል፣ ቀድተን ከምናወጣው ውሃ የምታስገባው ይበልጣል።

እስከ አሩ ደሴቶች ድረስ ሄደናል። የባሕር ኪያር፣ የኤሊ ቅርፊት፣ የሰንደል እንጨት፣ አንዴ ደግሞ የአንድ የመንደር አለቃ ሬሳ ጭነናል። በየወደቡ «እነዚያ ባልና ሚስት መጡ» ይሉናል፤ ያበሉናል፣ ያጫውቱናል፤ ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ እኛ ወደ ጀልባችን እንመለሳለን። ልጃችን ሳሊያ ሰባት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ባሕር ላይ ነው። መሬት ስትረግጥ እንደ ሰካራም ትንገዳገድና በራሷ ትስቃለች። እኔ ግን አልስቅም።

ልመለስ እፈልጋለሁ። እማን ማየት እፈልጋለሁ። ሳንግካላም በመንደራችን በቢራና በሰላያር ደሴት መካከል ያለውን ውሃ፣ የድንጋዩን ሁሉ ስም የሚያውቀውን ውሃ፣ ሳያይ መሞት አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፦ ልማዳችን እንዳለ ነው? የሴቲቱ ወገኖች አብሯት የጠፋውን ሰው በመንገድም በባሕርም ቢያገኙት ይገድሉታል፤ ቀድሟቸው ቆቡን ወደ ኢማሙ አጥር ውስጥ ከወረወረ ግን ጩቤ ወደ ሰገባው ይመለሳል፣ ኢማሙም መሐል ገብቶ ያስታርቃል። እንዲህ ነበር። ከባሕሩ ዳር እስከ ሐጂ ላንታራ አጥር ያለውን መንገድ በልጅነታችን በአንድ ትንፋሽ እንሮጠው ነበር። ሳንግካላ አሁንም መሮጥ ይችላል። በሩ ክፍት ይሁን እንጂ።

እህትህ ሀዳራ


ቢራ፣ በወርሃ ሸዋል 1391

ለሀዳራ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ መለስኩ። አላህ ጤና ይስጥሽ፤ ይህን የጻፍኩት እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለምትሰማኝ ነው።

ደብዳቤሽን አላቃጠልኩትም። ቦሃሪም አንብቦታል። በአንድ ዐይን ስለሚያነብ ጊዜ ይፈጅበታል። ሌላውን ዐይኑን ማን እንዳጠፋው አንቺ ታውቂያለሽ፣ አጠገቡ ቆመሽ ነበር። ያን ቀን ታንኳውን ቀዝፎ ደርሶባችሁ የቀይ አበባን ጠርዝ ሲይዝ ሳንግካላ በመቅዘፊያ ፊቱን አለው። ቦሃሪም ባሕር ውስጥ ከመውደቁ በፊት በቆንጨራ ሁለት ጣት ቆረጠለት። ጣቶቹ ታንኳው ውስጥ ወደቁ። ቦሃሪ በጨው አድርቆ በጣሳ ከበሩ በላይ ሰቅሏቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ጣሳውን ያንቀጫቅጨዋል። ባልሽ ጣቶቹ የት እንደገቡ ቸግሮት ከሆነ ቤታችን አሉ በይው።

አንቺ ደግሞ ነፋስ ተቀብለሽ ስለሄድሽ የሆነውን አላየሽም። አባ ለሐጂ ሙስጣሪ ሊድርሽ ቃል ሰጥቶ ነበርና የጥሎሹን ፈረስ ሊመልስ ሄደ። ሐጂው ሰው በተሰበሰበበት የፈረሱን አንገት ቆረጠው። «እናንተ ቤት ያደረ ከብት አልጋልብም» አለ። አባ እግሩ በፈረስ ደም እንደራሰ ቤት ገባና የሽመና ዕቃሽን በመጥረቢያ ፈለጠው። ሽርጥሽን በከፈን ጠቅልሎ ከአያታችን ጎን ቀበረው፣ «ልጄ ሞታለች» ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። የቦሃሪ እጮኛ ወገኖች በዚያው ሳምንት ቃላቸውን መለሱ፤ ሴት ከሚጠፋበት ቤት ጋር አንጋባም አሉ። ከዚያ ወዲህ ሴት የሰጠው የለም። እሱም የሳንግካላን አባት ቤት አቃጠለ፣ የወንድሙን እግር ሰበረው፤ አሁን ሁሉም ሰላያር ተሰደው ነው ያሉት። አባ በዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት የእኔንና የቦሃሪን እጅ በጩቤው ላይ አስደርጎ አስምሎናል። ምን ብለን እንደማልን ልጽፍልሽ አያስፈልግም።

ልማዱ እንዳለ አለ። ግን አጥሩ ጋ ከመድረሱ በፊት መንገድ አለ፣ መንገዱ ላይ እኛ አለን። አትምጡ።

ስለ ጀልባዋም ስሚ። ቀይ አበባን ልንሠራ የመጀመሪያውን ግንድ ስንዘረጋ እንደ ወጉ ሁለቱን ጫፍ ቆርጬ ነበር። የፊቱን ቁራጭ ባሕር ውስጥ ጣልነው፣ የኋላውን ለእማ ሰጠናት። የኋላው ቁራጭ ቤት እስካለ ጀልባዋ ትመለሳለች ይባላል። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ከትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛበታለች። ብዙ ጊዜ ላቃጥለው ሞክሬያለሁ። መጨረሻ ላይ በዘነዘና ክንዴን መታችኝና ሁለት ሳምንት መጥረቢያ ሳልይዝ ቀረሁ።

እማ የምትልሽ፦ ልጅቷ የፊት ጥርሷን ለወጠች ወይ?

ጁማኒንግ


ካላባሂ፣ በወርሃ ሙሐረም 1392

ለተከበርከው ወንድሜ ለዳኤንግ ጁማኒንግ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የአባን መቃብር ሰፊ ያድርግለት። ስለ እሱ ያነበብኩ ቀን ቀኑን ሙሉ ጀልባዋ ጀርባ ተኛሁ። ሽርጤን መቅበሩን ስሰማ አንድ ነገር አልኩ፦ ቢያንስ ከአያታችን ጎን አኖረኝ። ለእማ ሳሊያ የላይኛውን የፊት ጥርሷን ለውጣለች በላት፤ ወጣ ወጣ ብሎ የእማን ይመስላል። ለኢማም ሐጂ ላንታራ ሰላም በልልኝ። ባለፈው ሰላምታዬን ማድረስህን አልነገርከኝም።

የምዕራቡ ነፋስ እስኪያልፍ እዚህ ተጠልለን ነው ያለነው። ሳናርፍ በፊት፣ ከዌታር ደሴት ወዲህ፣ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ሰዎች በታንኳ መጥተው ውሃ ስጡን አሉን። ሳንግካላ እንስራውን ሊያቀብላቸው ጎንበስ ሲል አንዱ ፀጉሩን ይዞ ቢላ አንገቱ ላይ አደረገ። ጭነታችንን ነበር የፈለጉት። ሁለተኛው ወደ ሳሊያ ሄደ። ለምን ወደ እሷ እንደሄደ አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም። የዓሣ ጦሩን ከጎኑ አስገባሁበትና በሌላው በኩል ወጣ። ሰው ገደልኩ ዳኤንግ። ጦሩን ለማውጣት እግሬን ደረቱ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ሳንግካላ ባሉት ስምንት ጣቶች ያኛውን አንቆ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ ሦስተኛው ቀዝፎ ሸሸ። ከዚያ ሳሊያ ሳንነግራት ባልዲ አምጥታ ደሙን ማጠብ ጀመረች። ዓሣ ስናርድ እንደምታደርገው እየዘፈነች።

በዚያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ልጄ ደም እያጠበች የምትዘፍን ሰው እንድትሆን አልፈልግም። እናንተ ብትገድሉን እንኳ ስማችንን የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። እዚህ የሚገድለን ማን እንደሆንን አያውቅም።

የምሥራቁ ነፋስ ሲነሣ እንመጣለን። ሳንግካላ ለቦሃሪ የላከው መልእክት አለ፦ «ጣቶቹን ጨው አታብዛባቸው፣ መጥቼ ነው የምወስዳቸው።» አትጻፊው ብዬው ነበር። ሲናደድ ሳይሆን ሲፈራ ነው እንዲህ የሚቀልደው።

እህትህ ሀዳራ


ቢራ፣ በወርሃ ረቢዑል አወል 1392

ለውድ እህቴ፣ ለዐይኔ ብርሃን ለሀዳራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ አንቺንም ባልሽንም ልጅሽንም ከማዕበል ጠብቆ በሰላም ያገናኘን። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የሸማኔዎቹ ሴቶች ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ጎረቤታችን ካሪማ ሰላም ብላሻለች። ሐጂ ሙስጣሪ እንኳ አርጅቶ ቁጣው በርዶለታል፣ ሰላም በሏት ብሏል።

ያለፈው አለፈ። ቦሃሪ ሥራ አግኝቶ ሱራባያ ሄዷል፣ በቅርቡም አይመለስም። እማ ታማ ተኝታለች፣ አንቺን አንቺን ትላለች። ስለዚህ አትዘግዩ። ነፋሱ ሲነሣ ቶሎ ኑ። በየትኛው ቀን እንደምትገቡና የት እንደምታርፉ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ወጥቼ እንድቀበላችሁ። ልክ እንደ ድሮው በመንደሩ ፊት ለፊት እረፉ፤ መንገዱ ያው የምታውቁት መንገድ ነው።

ወንድምሽ ጁማኒንግ


ማውሜሬ፣ በወርሃ ጁማደል አኺር 1392

ለተከበርከው ወንድሜ ለዳኤንግ ጁማኒንግ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልብህን ይምራው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የቡቶን ሰው የሆነ ካፒቴን አንተ ጀልባ የምትጠርብበት ቦታ መጥቶ በእጅህ ይሰጥሃል። የመንደራችንን ነገር የማያውቅ መንገደኛ ነው፣ አትጠይቀው።

ደብዳቤህን ሳነብ ሳንግካላ ደስ ብሎት ሸራ መስፋት ጀመረ። እኔ ግን ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። ዳኤንግ፣ አንተ በሕይወትህ አንዴም የዐይኔ ብርሃን ብለኸኝ አታውቅም። በልጅነታችን «አንቺ ቁጫጭ» ነበር የምትለኝ። ያ የፊተኛው ደብዳቤህ፣ እገድለዋለሁ ያልክበት፣ የወንድሜ ደብዳቤ ነበር። ይኼኛው ከኋላህ ሰው ቆሞ ያስጻፈህ ነው። ቦሃሪ ሱራባያ ሄደ? ቦሃሪ ባሕሩን ትቶ ገበያ እንኳ አይሄድም።

ደግሞ የመንደሩን ሴት ሁሉ ሰላምታ ላክህልኝ። የሐጂ ሙስጣሪን ሳይቀር። ኢማም ሐጂ ላንታራን ግን ሁለተኛ ጊዜ ዘለልካቸው። አሉ ወይስ የሉም? ከሌሉስ ያ አጥር የማን አጥር ነው?

ቢሆንም እንመጣለን። ጀልባዋ ሌላ ክረምት አትችልም፣ ሳንግካላም ከእንግዲህ ሐሳቡን አይለውጥም። የረጀብ ጨረቃ በሞላች ማግሥት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ውሃው ወደ መንደሩ በሚስብበት ሰዓት በሸራ እንገባለን። በመንደሩ ፊት እናርፋለን፣ ሳንግካላም ወደ ሐጂ ላንታራ አጥር ይሮጣል። ይህን ቀን ለቦሃሪ ብትነግረው ባሌን ገደልከው ማለት ነው። መንገዱ ዝግ ከሆነ ግን ወደ ባሕሩ በሚገባው የመሬት አፍንጫ ላይ፣ በምዕራብ በኩል፣ ማንም እሳት በማያነድበት ቦታ፣ እሳት አንድድ። ጭሱን ካየሁ መሪውን አዙሬ ወደ ጎረቤት መንደር ወደ አራ እሄዳለሁ። አራም ኢማም አለው፣ ግቢውም አጥር አለው። በዚያ ወር አራ ዳር ማረፍ ጀልባን ድንጋይ ላይ መከስከስ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። ሰውም ሊተርፍ ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ ያለ ምክንያት አታንድድብኝ፤ ምክንያት ካለ ደግሞ አትተወኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ሳትቀንስ ሳትጨምር ለእማ አንብብላት።

ቁጫጯ እህትህ


ቡሉኩምባ፣ ከወህኒ ቤት፣ በወርሃ ሻዕባን 1392

በአራ ኢማም በኩል፣ በሕይወት ካለች ለሀዳራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። መድረስሽን አላውቅም። ጠባቂዎቹ ስለ አራ የሰማ የለም ይሉኛል። ከደረሳችሁ ይህን የሚያነብልሽ አያስፈልግሽም፤ ካልደረሳችሁ ኢማሙ አንብቦ ያቃጥለው።

በመጀመሪያ የዋሸሁሽን ልጻፍ። ሐጂ ላንታራ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አዲሱ ኢማም ከኮረብታው ማዶ ነው የሚኖረው። ባዶውን ቤት ቦሃሪ የያዘው የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰን ሳምንት ነው። አጥሩን አደሰው፤ የድሮውን መልክ ሳይለውጥ፣ ያንን የማንጎ ዛፍም ሳይቆርጥ አደሰው። በባሕሩ በኩል ያለውን በር ቀንም ሌሊትም ክፍት አደረገው። ጣሳውን ከበሩ በላይ ሰቀለው። «ቆቡን ወርውሮ እፎይ ሲል ማየት ነው የምፈልገው» ይል ነበር። «ሮጦ እጄ ላይ ይምጣ።» ሁለተኛውን ደብዳቤዬን እሱ ነው የነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩት። ምዬ ስለነበር ነው እንዳልልሽ፤ የአባ እግር በደም ርሶ ሲገባ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እኔም ፈልጌው ነበር።

የቡቶኑ ሰው ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ አንብቤ ለቦሃሪ ልወስደው ተነሣሁ። መንገድ ላይ ቁጫጭ የሚለው ቃል አላስኬደኝም። ተመልሼ ለእማ አነበብኩላት። የኢማሙን ሞት ለምን እንዳልጻፍኩልሽ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ተነሥታ ከትራሷ ሥር ቁራጩን አወጣችና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ ዓመት ላቃጥለው ስትል ነበር» አለችኝ። «በል አሁን አቃጥለው።»

«እማ፣ ለጭስ የሚሆን እንጨት ሞልቷል» አልኳት።

«ያንተ ጭስ የሚነግረው ለሀዳራ ነው። ጀልባዋ ግን ጭስ አታይም። ይሄ እቤቴ እያለ መሪውን ቢያዞሩባትም እየጎተተች ታመጣቸዋለች። እኔ ነኝ ስጠራት የኖርኩት።»

በቀኑ አብረን ወጣን። ቁራጩ ከብረት የጠነከረ ስለሆነ ሳይፈለጥ አይነድም ነበርና መጥረቢያዬን ይዤ ነበር። ሸራችሁን ያየሁት ገና እሳቱን ሳልጭር ነው። ያ ቡናማ ሸራ፣ መሐሉ ላይ በአባ ሽርጥ የተጣፈው፣ አሁንም እንዳለ ነው። እማ ናት ክብሪቱን የጫረችው።

ጭሱ ሲነሣ ጀልባዋ ትንሽ እንደ መቆም አለች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ አራ አዞረች። ቦሃሪም ከኢማሙ ግቢ ሆኖ ሁለቱንም አየ። ወደ አራ በእግር የሚያደርሰው አቋራጭ በመሬቱ አፍንጫ ላይ በእኛ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ጩቤውን መዝዞ እየሮጠ መጣ።

«ምን እያቃጠልክ ነው?» አለኝ።

«የእማን እንጨት።»

ዐይቶ ገባው። ሳቀ። «የአባ ጩቤ ላይ የማልከው በግራ እጅህ ነበር እንዴ? ዘወር በል።»

«አልዘወርም ዳኤንግ።»

«አጥሩን ሳይነኩ እደርስባቸዋለሁ። ከእሱ በፊት አንተን ልጀምር?»

ክንዴን በጩቤ ሰነጠቀው። ወደ ኋላ አልኩ፣ አሁንም ልመታው አላሰብኩም ነበር። እማ መሐላችን ገባች። እግሩን አቅፋ ያዘችው። «ልጄ፣ ይብቃህ፣ ይብቃህ» ትለዋለች። በክርኑ ሲገፋት በፊቷ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ያኔ ነው መጥረቢያውን ያነሣሁት። ግንድ እንደምመታ ነው የመታሁት፣ ሌላ አመታት አላውቅም። ከአንገቱና ከትከሻው መገናኛ ገባ፤ የመጥረቢያው እጀታ ከመሐሉ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ቦሃሪ አልጮኸም። እንደደከመው ሰው ከእሳቱ አጠገብ ቁጭ አለ። ደሙ ፍሙ ላይ እየወረደ ይንጫጫ ነበር። ጀርባውን ደግፌ ያዝኩት። ያቺ ዐይኑ ባሕሩን ታያለች።

«ደረሱ?» አለኝ።

«አዎ፣ ደርሰዋል።»

«ውሸታም» አለኝና ሞተ።

ውሸቴን ነበር። ቀና ስል ያየሁት ቀይ አበባ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ለሁለት ስትከፈል ነው። ያንን ጀልባ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ድምፁን ከዚያ ድረስ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ምንም አላየሁም፤ መንደርተኛው ደርሶ አሰረኝ።

እማን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ከኖርሽ ጻፊልኝ።

ጁማኒንግ


አራ፣ ከኢማሙ ግቢ፣ በወርሃ ሸዋል 1392

ለተከበርከው ታላቅ ወንድሜ ለዳኤንግ ጁማኒንግ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አላህ እጅህን ከመጥረቢያ ይጠብቅልህ ብዬ ለምኜ ነበር። አሁን ስለ እጅህ ምን ብዬ እንደምለምን ግራ ገብቶኛል። ጤናህን ይጠብቅልህ።

ደርሰናል። ጀልባዋ ስትከፈል ሳንግካላ ሳሊያን አንገቱ ላይ አድርጎ ዋኘ፤ እኔ የመሪውን እንጨት ይዤ ወጣሁ። ማዕበሉ የጉልበቴን ቆዳ ገፎታል፣ የሳንግካላም ጎድን ተሰብሯል፤ ገደሉን የወጣነው በእጅና በእግር ነው። ከኋላችን ቦሃሪ እየመጣ መስሎን አንዴም አልዞርንም። የኢማሙ አጥር ጋ ስንደርስ ሳንግካላ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ ቆቡን ባሕር ወስዶታል። የሚወረውረው ነገር የለውም። እንደ ሞኝ ራሱን እየዳሰሰ ቆመ። ከዚያ ሳሊያን ከአንገቱ አንሥቶ በአጥሩ ላይ አሻገራት።

ኢማሙ ከቤት ወጥተው አዩአት። «ቆቡስ?» አሉት።

«እሷ ናት» አላቸው።

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና በሩን ከፈቱልን። ሳሊያ መሬቱ ላይ እየተንገዳገደች ትስቅ ነበር። በዚያች ሰዓት አንተ ምን ላይ እንደነበርክ አሁን ነው የገባኝ።

ለቦሃሪ አለቀስኩ። በትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወስደኝ ለነበረው ቦሃሪ አለቀስኩ። አንተን ላመሰግንህ ብዕር አነሣሁ፣ አልሆነልኝም። ልረግምህም ሞከርኩ፣ እሱም አልሆነልኝም። ሳንግካላ ቀብሩ ላይ መሄድ አይችልም ነበርና በእማ በኩል አንድ ነገር ለመነ፦ ጣሳውን ከነጣቶቹ ከቦሃሪ ጋር እንዲቀብሩለት። ቀብረውለታል።

እርቁ ገና አላለቀም። ኢማሙ ከሴቲቱ ቤት ወንድ «ተቀብያለሁ» ካላለ ሳንግካላ ከአጥሩ መውጣት አይችልም ይላሉ። ከቤታችን የቀረኸው ወንድ አንተ ብቻ ነህ። ቃልህን በጽሑፍ ብትልክ ይበቃል። ምለህ ነበርና ማሰብ እንደሚያስፈልግህ አውቃለሁ። እንጠብቅሃለን።

እማ በየጁምዓው ከቢራ በእግሯ ትመጣለች። ግንባሯ ላይ ያለው ቁስል ድኗል። የሳሊያን ጥርስ አፏን ከፍታ አየችው፣ «የኔ ነው» አለች። ስለ አንተም ስለ ቦሃሪም አትናገርም። ፖሊሶቹ የመጥረቢያውን ብረት ወስደዋል። እጅህ ላይ የቀረውን የእጀታ ስባሪ ግን እማ ከእሳቱ አጠገብ አንሥታ ወደ ቤት ወስዳዋለች። ደሙን አጥባ ከትራሷ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ትተኛበታለች። ለምን ብዬ ብጠይቃት የኋላው ቁራጭ ነው አለችኝ።

እህትህ ሀዳራ